ዱባይ የሸጠችው ነዳጅ ሳይሆን በር ነው

ይህን ጽሑፍ የምታነቡበትን ስልክ እስቲ ገልበጥ አድርጋችሁ እዩት። የተሠራው ቻይና፣ ቬትናም ወይም ህንድ ሊሆን ይችላል። ከፋብሪካ ወጥቶ እጃችሁ እስኪገባ በየት በኩል እንደመጣ ግን የሸጠላችሁን ልጅ ብትጠይቁት፣ ብዙ ጊዜ የምታገኙት መልስ አጭር ነው። "የዱባይ ነው" ይላችኋል።

ስልክ ብቻ አይደለም። ሽቶው፣ ጫማው፣ የመኪና መለዋወጫው፣ በየሰፈሩ የምናያት ቪትዝ ሳትቀር ብዙዎቹ በዚያች ከተማ አልፈው የመጡ ናቸው። ዱባይ ስልክ አትሠራም፣ መኪናም አትገጣጥምልንም። ሁሉም ነገር ግን በእሷ በኩል ያልፋል። የራሷ ያልሆነ ዕቃ በደጇ ሲያልፍ ከእያንዳንዱ ጥቂት ጥቂት እየቆረጠች ሀብታም የሆነች ከተማ ናት። እንዴት? የዛሬው ወጋችን ይኸው ነው። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

"ጋሼ፣ ላይሰንስ ላወጣ ነው"

ጉዳዩን ያስነሳብኝ የአክስቴ ልጅ ነው። 26 ዓመቱ ነው። መገናኛ አካባቢ ካለ የገበያ ሕንፃ ውስጥ አንድ ክንድ ተኩል የምታክል መደብ ተከራይቶ የስልክ ከቨር፣ ቻርጀርና አልፎ አልፎ ያገለገለ ስልክ ይሸጣል። ከሁለት ወር በፊት ማታ ደወለልኝ።

"ጋሼ፣ ዱባይ ላይሰንስ ላወጣ ነው።"

"የምን ላይሰንስ?"

"የንግድ ነዋ! ቲክቶክ ላይ አንድ ሰውዬ አለ። ላይሰንስ፣ የሁለት ዓመት ቪዛ፣ የባንክ ሂሳብ፣ ሁሉንም አንድ ላይ ጨርሶ ይሰጣል። እዚያ ካምፓኒ ከፍቼ ስልክ በቀጥታ ላክ ላክ አደርጋለሁ። በደላላ መግዛት ሰለቸኝ።"

"ብሩንስ?"

ትንሽ ዝም አለ። "ባጃጇን እንሸጣታለን። እማዬ ተስማምታለች።"

ባጃጇ ማለት የቤቱ ዳቦ ናት። አባቱ ካረፈ በኋላ ታናሽ እህቱን የምታስተምረው፣ የቤት ኪራዩን የምትከፍለው እሷ ናት። "ተው" ማለት ቀላል ነበር። ነገር ግን እኔም ከዓመታት በፊት ዱባይን ሄጄ አይቻታለሁ፣ ለምን እንዳማረችው በደንብ ይገባኛል። ስለዚህ "አንድ ሳምንት ስጠኝ፣ ስለ ከተማዋ የማውቀውን ሁሉ ጽፌ እልክልሃለሁ፤ አንብበህ ራስህ ወስን" አልኩት። የጻፍኩለትን ጥቂት አስተካክዬ ለእናንተም ይኸው።

ዕንቁ ሲረክስ

ብዙ ሰው "ዱባይ በነዳጅ ሀብታም ሆነች" ይላል። ግማሽ እውነት ነው። ዱባይ ነዳጅ ያገኘችው በ1966 ሲሆን ለውጭ ገበያ ማቅረብ የጀመረችው በ1969 ነው። መጠኑ ግን ከጎረቤቷ ከአቡ ዳቢ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነበር። ዛሬ ነዳጅ በከተማዋ ዓመታዊ ምርት ውስጥ ያለው ድርሻ 2 በመቶ እንኳ አይሞላም። ጅምላና ችርቻሮ ንግድ ብቻውን ወደ ሩብ ይጠጋል።

ታሪኩ የሚጀምረው ከነዳጁ በፊት ነው። የዛሬ መቶ ዓመት ገደማ ዱባይ ዕንቁ ከባሕር በሚያወጡ ጠላቂዎች የምትኖር ትንሽ የጠረፍ መንደር ነበረች። በሌላኛው የባሕረ ሰላጤው ዳርቻ፣ በፋርስ በኩል፣ ሊንጋ የምትባል የደራች ወደብ ነበረች። በ1900ዎቹ መጀመሪያ ላይ የፋርስ መንግሥት በወደቦቹ ላይ የጉምሩክ ቀረጡን ጠበቅ አደረገ። የዱባይ ገዥ ደግሞ በተቃራኒው ቀረጡን አነሳና ነጋዴዎቹን "እኔ ጋ ኑ" አላቸው። መጡ። የሠፈሩበት መንደር፣ ነፋስ የሚስቡ ማማዎች ያሉት አሮጌ ሰፈር፣ ዛሬም የቱሪስት መስህብ ሆኖ ቆሟል።

ልብ በሉ። ከተማዋ ያኔ የነበራት ነገር አሸዋና ጨዋማ ውኃ ብቻ ነው። ያደረገችው ነገር አንድ ነው፣ ጎረቤት በሩን ሲዘጋ እሷ ከፈተች። ይህን ዘዴ ከዚያ በኋላ ደጋግማ ተጠቅማበታለች።

ከዚያ መከራው መጣ። በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ ጃፓን ዕንቁን በእርባታ ማምረት ጀመረች፤ የዓለም የኢኮኖሚ ድቀትም ተጨመረበት። የዕንቁ ዋጋ ወደቀ፣ የጠላቂዎቹ ሕይወትም አብሮ ወደቀ። በአንድ ነገር ብቻ መኖር ምን እንደሚያስከትል ከተማዋ የተማረችው በረሃብ ነው።

ተበድሮ ባሕር መቆፈር

ዱባይን ለሁለት የሚከፍል፣ ነዋሪዎቹ "ኾር" የሚሉት ጠባብ የባሕር ወሽመጥ አለ። በ1950ዎቹ ደለል ሞልቶት ጀልባዎች መግባት እየተሳናቸው ነበር። በ1958 ሥልጣን የያዙት ሼክ ራሺድ ቢን ሰኢድ አል መክቱም ያደረጉት ነገር ለዘመኑ ድፍረት ነው። ነዳጅ ገና ሳይገኝ፣ ካዝናው ባዶ ሆኖ፣ ከኩዌት ተበድረውና ከነጋዴዎች ገንዘብ አሰባስበው ወሽመጡን አስጠረጉ። ሥራው በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሲያልቅ ትልልቅ የእንጨት ጀልባዎች ከተማዋ መሃል ድረስ መግባት ቻሉ። ንግዱ ደራ፣ ዕዳው ተከፈለ።

በ1972 ራሺድ ወደብ ተመረቀ። መጀመሪያ ለአራት መርከቦች ማቆሚያ ነበር የታሰበው፤ ሳይጠናቀቅ 16 እንዲሆን ተደረገ። ይህም አልበቃም። ከመሃል ከተማ 35 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ምንም በሌለበት በረሃ፣ ጀበል አሊ የሚባል ሌላ ግዙፍ ወደብ ተቆፍሮ በ1979 ተከፈተ። ያኔ ብዙ ሰው "እብደት ነው" አለ። "ማን ሊመጣ?"

በ1985 ከወደቡ አጠገብ ነፃ የንግድ ቀጠና ተቋቋመ። ሐሳቡ ቀላል ነው። በአገሩ ሕግ የውጭ ዜጋ ካምፓኒ ሲከፍት 51 በመቶው የአገሬው ሰው መሆን ነበረበት። በዚህ አጥር ውስጥ ግን መቶ በመቶ ያንተ ነው፣ ትርፍህን ይዘህ መውጣት ትችላለህ፣ ዕቃህን አራግፈህ፣ አሽገህ፣ ወደ ሦስተኛ አገር መልሰህ ስትልክ ቀረጥ የለብህም። ቀጠናው በ19 ኩባንያዎች ነው የጀመረው። ዛሬ ከ10 ሺህ በላይ ናቸው።

በዚያው በ1985 ከተማዋ የራሷን አየር መንገድ ከፈተች። ኤምሬትስ ሥራ የጀመረው ከፓኪስታን አየር መንገድ ባገኛቸው ሁለት አውሮፕላኖች ነው። የኛው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ያኔ 40 ዓመቱ ነበር! ዛሬ የዱባይ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ በ2024 ብቻ 92.3 ሚሊዮን መንገደኛ አስተናግዷል። ጀበል አሊ ደግሞ በዚያው ዓመት 15.5 ሚሊዮን ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር አንስቷል። ሲካፈል በቀን ከ42 ሺህ በላይ ማለት ነው።

ቁም ነገሩ ቁጥሩ አይደለም። ወደቡ፣ አውሮፕላን ማረፊያውና ነፃ ቀጠናው በመንገድ የተያያዙ አንድ ማሽን ናቸው። ከቻይና በመርከብ የመጣ ዕቃ እዚያው ተከፋፍሎ በአጭር ጊዜ በአውሮፕላን አፍሪካ ይደርሳል። መርከብ ርካሽ ነው ግን ቀርፋፋ፤ አውሮፕላን ፈጣን ነው ግን ውድ። ዱባይ ሁለቱን አጋብታ መሃል ላይ ተቀመጠች።

ዴራ ውስጥ አንድ ቀን

ከቦሌ ወደ ዱባይ አራት ሰዓት ገደማ ነው። እኔ በሄድኩ ጊዜ ያዞረችኝ ለዓመታት ስትመላለስ የኖረች የሠፈራችን ነጋዴ ናት። "ስሜን እንዳትጽፍ እንጂ የፈለግከውን ጠይቀኝ" አለችኝ።

ፎቆቹን አላሳየችኝም። በቀጥታ ዴራ ወሰደችኝ። ዴራ ማለት የዱባይ መርካቶ በሉት። ጠባብ መንገድ፣ ካርቶን የሚገፋ ወዛደር፣ ወርቅ ተራ፣ ቅመም ተራ፣ ስልክ ተራ። ባለሱቁ ህንዳዊ ወይም ኢራናዊ ወይም አፍጋናዊ ነው፣ ገዢው ናይጄሪያዊ፣ ሱማሌ፣ ሱዳናዊ፣ ሐበሻ። አንዱ ባለሱቅ መልካችንን አይቶ "ቅናሽ አለ! ቅናሽ!" ሲለን በሳቅ ፈረስን።

ወሽመጡ ዳር ደግሞ የእንጨት ጀልባዎች ተደርድረው ፍሪጅ፣ ጎማ፣ ዘይት ይጫናሉ። ወደ ኢራን የሚሄድ አለ፣ ወደ ሶማሊያ ጠረፍ የሚሄድ አለ። ከዚህ ማዶ ወደዚያ ማዶ ሰው የምታሻግር ትንሽ ጀልባ አለች፣ "አብራ" ይሏታል። ዋጋዋ አንድ ድርሃም ነው። በሚሊየነሮች ከተማ በአንድ ድርሃም!

"ለምን ቻይና ራሷ አትሄጂም? ከምንጩ አይረክስም?" ብዬ ጠየቅኳት።

"ይረክሳል እንጂ" አለች። "ግን ፋብሪካው ሺህ ፍሬ ካልወሰድሽ አያናግርሽም። ሺህ ፍሬ ገዝቼ ሞዴሉ ቢያልፍብኝስ? እዚህ አንድ ካርቶን እገዛለሁ። ካልሸጠ አንድ ካርቶን ነው የከሰርኩት። ከሸጠ በሁለት ሳምንት እመለሳለሁ።"

የዱባይን የንግድ ምሥጢር ከዚህ በተሻለ ያስረዳኝ ሰው የለም። ዱባይ ለአፍሪካ ነጋዴ የምትሸጠው ዕቃውን ብቻ ሳይሆን ትንሽ የመግዛትን መብት ነው። ትልቁን አደጋ የተሸከመው በኮንቴይነር ያስመጣው ባለመጋዘን ነው። እሱ ለዚህ ዋጋ ላይ ይጨምራል፣ ትንሹ ነጋዴም እያወቀ ይከፍላል።

ቻይናውያኑም ይህን አይተው በ2004 ከከተማዋ ወጣ ብሎ ድራገን ማርት የሚባል የገበያ አዳራሽ ተከፍቶላቸዋል። ርዝመቱ ከአንድ ኪሎ ሜትር ያልፋል፣ ቅርጹ እንደ ዘንዶ ነው። ፋብሪካውን ራሱን አምጥተው በር ላይ አቆሙት ማለት ይቻላል።

ለምን ሁሉም እዚያ ይሄዳል?

ነጥብ በነጥብ ላስቀምጠው።

አንደኛ፣ ገንዘቡ አይንቀጠቀጥም። ድርሃም ከ1997 ጀምሮ ከዶላር ጋር በ3.6725 ተቸንክሯል። ዛሬ የገመትከው ዋጋ ከወር በኋላም ያው ነው። የሚንቀጠቀጠው የኛ ወገን ነው። በሐምሌ 2024 ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር ከ57 ብር ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። ያን ጊዜ ዱቤ የወሰደ ነጋዴ ምን እንደደረሰበት ጠይቁት። በነገራችን ላይ ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ የሁለቱ አገሮች ማዕከላዊ ባንኮች እስከ 3 ቢሊዮን ድርሃምና 46 ቢሊዮን ብር የሚደርስ ገንዘብ ለመለዋወጥ ተስማምተዋል። ንግዱ ምን ያህል እንደተሳሰረ ከዚህ ይታያል።

ሁለተኛ፣ ግብሩ ቀላል ነው። በደመወዝ ላይ የገቢ ግብር የለም። የተጨማሪ እሴት ታክስ በ2018 ሲጀመር 5 በመቶ ነው። የኩባንያ ግብር ያልነበረው አገር በ2023 9 በመቶ አስገብቷል፤ እሱም ከ375 ሺህ ድርሃም በላይ በሆነ ዓመታዊ ትርፍ ላይ ነው። "ዱባይ ግብር የለም" የሚላችሁ ደላላ ካለ መረጃው አርጅቷል።

ሦስተኛ፣ ሕጉ ለገንዘብ ላለው እየተለሳለሰ ነው። ከ2021 ጀምሮ ከነፃ ቀጠና ውጪም በአብዛኛው ዘርፍ የውጭ ሰው መቶ በመቶ ባለቤት መሆን ይችላል። የአሥር ዓመት "ጎልደን ቪዛ" አለ። የ2 ሚሊዮን ድርሃም ቤት የገዛ ሊያገኘው ይችላል። የሳምንቱ የዕረፍት ቀን እንኳ በ2022 ከዓርብና ቅዳሜ ወደ ቅዳሜና እሑድ ተቀየረ። ለምን? ከዓለም ገበያ ጋር በአንድ ቀን ለመሥራት። ለንግድ ሲባል የቀን መቁጠሪያዋን የምታስተካክል ከተማ ናት።

አራተኛ፣ ቦታዋ። እስያ፣ አውሮፓና አፍሪካ መሃል ላይ ናት። ግን ቦታ ብቻውን ምንም አይደለም፤ በአካባቢው ሌሎችም ወደቦች አሉ። ልዩነቱ ዱባይ ቦታዋን በመንገድ፣ በመጋዘንና በፈጣን ወረቀት መደገፏ ነው።

ፎቶው ላይ የማይታየው

እስካሁን ያወራሁት ቲክቶክ ላይ የምታዩትን ዱባይ ነው። አሁን ደግሞ ካሜራው የማይዞርበትን።

ተበድሮ መገንባት ሁልጊዜ አይሳካም። በኅዳር 2009 የከተማዋ መንግሥት ግዙፍ ኩባንያ ዱባይ ወርልድ "ዕዳዬን ለጊዜው መክፈል አልቻልኩም" ብሎ ዓለምን አስደነገጠ። አቡ ዳቢ 10 ቢሊዮን ዶላር ይዛ ደረሰች። ከሳምንታት በኋላ፣ በጥር 2010፣ 828 ሜትር የሚረዝመው የዓለም ትልቁ ሕንፃ ሲመረቅ "ቡርጅ ዱባይ" ይባላል ሲባል የነበረው በአቡ ዳቢው ገዥ ስም "ቡርጅ ኸሊፋ" ተባለ። ምስጋናው የተጻፈው ሕንፃው ላይ ነው።

ከተማዋ የጦርነት ጎረቤትም ናት። ወደ ጀበል አሊ የሚገባ ትልቅ መርከብ በሆርሙዝ ሰርጥ ማለፍ አለበት። እዚያ አካባቢ ውጥረት በተነሳ ቁጥር የመርከብ መድን ዋጋ ይንራል፣ የመርካቶ ዋጋም አብሮ ይነሳል።

ክፍት በር ደግሞ ሁሉንም ያስገባል። ንጹሕ ያልሆነ ገንዘብና ምንጩ ያልታወቀ ወርቅ በዚያ ያልፋል የሚለው ወቀሳ የቆየ ነው። አገሪቱ በመጋቢት 2022 በዓለም አቀፉ የገንዘብ ዝውውር ተቆጣጣሪ ግብረ ኃይል "ግራጫ መዝገብ" ውስጥ ገብታ በየካቲት 2024 ወጥታለች። ለትንሹ ነጋዴ ይህ ምኑ ነው ትሉ ይሆናል። ባንኮቹ ከዚያ ወዲህ ጥያቄ አብዝተዋል፣ ጥያቄው የሚጠብቀውም እንደኛ ካለ አገር በሄደ ሰው ላይ ነው።

ትልቁ ነገር ግን ሰው ነው። ከነዋሪዎቿ ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል የውጭ ዜጎች ናቸው። ወደቡን የቆፈረው፣ ፎቁን የሠራው፣ ካርቶኑን የሚገፋው፣ ልጅ የሚያሳድገው እነሱ ናቸው። ከእነዚህ መካከል እህቶቻችን አሉ። የመኖሪያ ፈቃዳቸው ከአሠሪያቸው ጋር የተያያዘ ነው። ሕጉ ፓስፖርት መቀማትን ይከለክላል፤ ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም አጋማሽም በቀትር ፀሐይ ደጅ ማሠራት ክልክል ነው። ሕጉ መኖሩ ጥሩ ነው። ግን ቤት ውስጥ ለምትሠራ ልጅ ሕጉን የሚያስከብርላት ማን ነው? በሯ ሲዘጋ ያቺ ክፍት የተባለችው ከተማ ለእሷ ክፍት አይደለችም።

በጉብኝት ቪዛ ገብቶ መሥራት ክልክል ነው። ቪዛው ካለፈ በቀን 50 ድርሃም ቅጣት ይቆጠራል። በወር 1,500 ነው። ሥራ የሌለው ሰው ይህን ከየት ያመጣል? በ2024 መጨረሻ መንግሥት የአራት ወር ምሕረት ሲሰጥ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች የተሰለፉት ለዚህ ነው።

ሂሳቡ

አሁን ወደ ባጃጇ እንመለስ። ለአክስቴ ልጅ የጻፍኩለት እንዲህ ነው።

ላይሰንስ ማውጣት ራሱ ማጭበርበር አይደለም። እውነተኛ ነገር ነው፣ ብዙ ነፃ ቀጠናዎች አሉ፣ ዋጋቸውም ይለያያል። ችግሩ ደላላው የማይነግርህ አራት ነገር ነው።

አንድ፣ ላይሰንስና የባንክ ሂሳብ የተለያዩ ናቸው። ላይሰንሱን የሚሰጠው ቀጠናው ነው፣ ሂሳብ የሚከፍተው ባንኩ። ባንኩ የገንዘብህን ምንጭ ይጠይቃል፣ ሂሳብህ ውስጥ ሁልጊዜ መቀመጥ ያለበት ዝቅተኛ ገንዘብ ሊኖር ይችላል፣ "አልከፍትልህም" ማለትም መብቱ ነው። ሂሳብ የሌለው ካምፓኒ ማለት ጎማ የሌላት ባጃጅ ማለት ነው።

ሁለት፣ የነፃ ቀጠና ላይሰንስ ዴራ ላይ ሱቅ ከፍተህ እንድትሸጥ አይፈቅድልህም። ለዚያ ሌላ ፈቃድ ያስፈልጋል።

ሦስት፣ በየዓመቱ ይታደሳል። የመጀመሪያው ዓመት "ታላቅ ቅናሽ" ሁለተኛው ዓመት ላይ የለም።

አራት፣ ያንተ ችግር ያለው እዚያ ሳይሆን እዚህ ነው። ስልኩን ዱባይ መግዛት ማንም ይችላል። አስቸጋሪው ዶላሩን በሕጋዊ መንገድ ማግኘት፣ ቦሌ ላይ ቀረጡን ከፍሎ ማስገባትና ከዚያ በኋላ አትርፎ መሸጥ ነው። የዱባይ ላይሰንስ ከእነዚህ ሦስቱ አንዱንም አይፈታልህም።

ከዚያ በቁጥር አሳየሁት። ለምሳሌ እንበልና ላይሰንሱ፣ ቪዛውና ተጓዳኝ ወጪው ተደምሮ በዓመት 15 ሺህ ድርሃም ወጣህ። ከአንድ ስልክ፣ ትራንስፖርቱና ቀረጡ ሁሉ ከተቀነሰ በኋላ፣ 20 ድርሃም አተረፍክ እንበል። ወጪህን ለመመለስ ብቻ 750 ስልክ መሸጥ አለብህ። በወር 62 ወይም 63። አሁን በወር ስንት ትሸጣለህ?

የመለሰልኝ በድምፅ መልእክት ነው። "ስምንት" አለ። "ሲሞቅ አሥር።" ከዚያ ረጅም ዝምታ፣ ከዚያ "እሺ ጋሼ።"

ለእኛስ?

ከባጃጇ ወጥተን ትንሽ ሰፋ አድርገን እንየው። ወደብ የሌለን አገር ነን፣ ይህ ቁስል ነው፣ በየጊዜው ይነሳል። የዱባይ ታሪክ ግን የሚነግረን አንድ ነገር አለ፣ ወደብ መኖሩ ግማሹ ብቻ ነው። ሌላው ግማሽ በሩ ላይ የሚቆመው ሰው ምን ያህል ያንገላታሃል የሚለው ነው።

የዱባዩ የወደብ ኩባንያ ዲፒ ወርልድ የኛን መውጫዎች ቀድሞን አይቷቸዋል። የጅቡቲውን ዶራሌ የኮንቴይነር ተርሚናል ገንብቶ ያስተዳድር ነበር፣ በ2018 የጅቡቲ መንግሥት ነጠቀውና ሙግቱ ለዓመታት ቀጠለ። በርበራ ላይም ገብቷል። እዚያ ኢትዮጵያ 19 በመቶ ድርሻ እንደምትይዝ በ2018 ተነግሮ ነበር፤ በ2022 ግን የሶማሌላንድ ባለሥልጣናት ቅድመ ሁኔታዎቹ ስላልተሟሉ ድርሻው መቅረቱን አስታወቁ። እኛ ስለ ባሕር ስናወራ ሌሎች በባሕሩ ላይ ውል ይፈራረማሉ።

ያለን ነገር ግን ትንሽ አይደለም። ከኤምሬትስ በ40 ዓመት የሚበልጥ አየር መንገድ አለን። ሞጆ ላይ ደረቅ ወደብ አለ። ድሬዳዋ ላይ ነፃ የንግድ ቀጠና በ2022 ተከፍቷል፤ ከተማዋ ራሷ ከጅቡቲ በመጣ የባቡር ሐዲድ የተወለደች የንግድ ከተማ ናት። ጥያቄው ዱባይ ላይ አንድ ካርቶን የሚገዛ ልጅ አንድ ቀን ድሬዳዋ ላይ አንድ ካርቶን ገዝቶ ለሐርጌሳ ወይም ለጁባ ነጋዴ መሸጥ ይችላል ወይ ነው። ይህ እንዲሆን ፎቅ አያስፈልግም። የማይለዋወጥ መመሪያ፣ የሚገኝ ዶላርና ቶሎ የሚፈርም ሠራተኛ ያስፈልጋል። ሦስቱም ከባሕር ይልቅ ከቢሮ የሚወጡ ናቸው።

መጨረሻው

ባጃጇ አልተሸጠችም። የአክስቴ ልጅ ግን ሐሳቡን አልተወም፣ እንዲተውም አልፈለግኩም። መደቡን ከሚጋሩት ሁለት ጓደኞቹ ጋር ዕቁብ ጀምረዋል። ዕጣው የደረሰው በጉብኝት ቪዛ ለአሥር ቀን ሄዶ፣ ሥራ ሳይፈልግ፣ ካምፓኒ ሳይከፍት፣ የሦስቱንም ዕቃ ዋጋ አጥንቶና ትንሽ ገዝቶ ይመለሳል። የዚያችን ነጋዴ ስልክ ሰጥቼዋለሁ። እሷም ደውላልኝ "የላክብኝ ልጅ ጥያቄ ያበዛል" አለችኝ። "ጥሩ ነው፤ ዴራ የሚከስረው የማይጠይቅ ነው።"

ትናንት ማታ ደግሞ እሱ ደወለ። የመጀመሪያው ዕጣ ለእሱ አልደረሰውም። ለጓደኛው ነው የደረሰው።

"ተናደድክ?" አልኩት።

"አይ" አለ። "ሲመለስ ምን እንደከሰረ አይቼ እሄዳለሁ።"

እናንተስ? ከመካከላችሁ ዱባይ ሄዶ የነገደ፣ ያተረፈ፣ የከሰረም ካለ ልምዱን ያካፍለን። ለባጃጅ ሻጮች ይጠቅማል።

ቸር እንሰንብት!